በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ለምን ቆመች

«ሞተሯስ ምንም አልሆነም፤ ወንድሜ ያደረገው ነገር ነው… አዎ፣ መካኒክ ነው። ብቻ አደራዎን፣ ሲመጡ እሱ ፊት እንዳያነሱብኝ።»

ሐኪሙ ይህን የሰማው ከእህቱ ማድቤት መስኮት ሥር፣ በአንድ እጁ የመፍቻ ሣጥኑን፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዞ እንደቆመ ነው። የግቢው በር ቀን ቀን አይቆለፍም፤ እሱም አንኳኩቶ ገብቶ አያውቅም። እህቱ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሰክታ ሽንኩርት ትከትፋለች። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ የአባታቸውን መኪና ገዝቶ የሚወስደው ንብ አርቢ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም።  ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው። ስምንት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣ፣ ሸሚዙን በዘይት እየነከረ፣ ዕቃውን ከራሱ ጋራዥ እያመጣ የለፋበትን መኪና፣ የገዛ እህቱ «ወንድሜ ነው ያበላሸው» ብላ ለባዳ ትናገርበታለች። ያውም «እሱ ፊት እንዳይነሳ» ብላ፣ እንደ ገመና።

ነገሩ ምን ያህል እንዳመመው ለመረዳት ሰውዬውን ማወቅ ነው። «ሐኪሙ» ያሉት ደንበኞቹ ናቸው። የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት አይችልም። ኮምፒውተር ሰክተው በሽታ የሚያነቡ ጎረምሶች ከጎኑ ጋራዥ ሲከፍቱ እንኳ አልደነገጠም፤ «እነሱ ማሽኑን ይጠይቁ፣ እኔ ራሷን እጠይቃታለሁ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። አንድ የማይለቀው ደንብ ነበረው፤ በሽተኛን በታመመበት ቦታ ነው የሚያዩት። ዳገት ላይ የሚያስቸግር መኪና ይዞ የመጣ ሰው ሜዳ ላይ አስነስቶ ሊያሳየው ሲሞክር፣ ቁልፉን ይቀበለውና ዳገት ፍለጋ ይሄዳል። ይህን ደንብ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያፈረሰው አንድ መኪና ላይ ብቻ ነው። እሷም የአባቱ መኪና ናት።

«በቅሎዬ» ይሏት ነበር አባታቸው። የመሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ በሌለበት እየሄዱ፣ መንገድ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ሲለኩ ኖሩ። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሳንቃ የሚመስል የመስክ መኪና ነበረቻቸው። መሥሪያ ቤቱ «አርጅታለች» ብሎ ሲሸጣት ገዟት፤ አርጅታለች ከተባለች በኋላም ሌላ አርባ ዓመት ሄደች። አባታቸው እየደከሙ ሲመጡ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ልጃቸው ወደ ቤቷ አመጣቻቸው፤ በቅሎዋም አብራ መጣች፤ እህትየው ደግሞ ሴት ልጅ መሪ በማትይዝበት ዘመን አባቷ ያስተማሯት ናትና ራሷ ነበረች የምትነዳት። ከስምንት ወር በፊት ሕመሙ ሲጠናባቸው ከዳገቱ ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይዛቸው ወጣች። በቅሎዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለች። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ተነሳች፣ ደረሱ፣ አባታቸው እዚያው ተኙ፣ በስድስተኛው ቀን አረፉ። ለቅሶ ላይ አንድ አፉን የማይቆጥብ ዘመድ «ምን ያድርጉ፣ አንዱ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሌላው ሐኪም ሥራ መንገድ ላይ አስቀራቸው» ብሎ ቀልዶ ነበር። ቀልዱ ሐኪሙ ጆሮ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር መቼም ሳይደርስ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ነው እሑድ እሑድ የሚመጣው። የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየረ፤ ፓምፑን ቀየረ፤ እሳት የሚሰጧትን ቦቢናውን፣ ካንዴላዎቹን፣ ገመዶቹን ሁሉ ቀየረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነበር። ግቢ ውስጥ ሲያስነሳት እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል እየመታች እስከ ማታ ብትቆም ትቆማለች፤ በሽታዋን የምታሳየው ዳገት ላይ ነው፤ ዳገቱን ደግሞ ሐኪሙ ሊያየው አልቻለም። ሁለት ጊዜ ቁልፉን ይዞ ወጥቶ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተመልሷል። አባቴን መንገድ ላይ ያዘገያቸው እጄ የነካው ነገር ይሆን የሚለውን ጥያቄ ይዞ መኖር ከባድ ነበር፤ መልሱን ማግኘት ግን የባሰ መሰለው። ዛሬ ንዴቱ ደፋር አደረገው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በሽታዋን አግኝቶ፣ እህቱ ፊት አስቀምጦ፣ «የኔ እጅ አለበት?» ሊላት ቆረጠ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የግቢውን በር አንኳኳና እንደ አዲስ ገባ።

«ማነው? አንተ ነህ? ምነው ዛሬ እንደ እንግዳ» አለች እህቱ፣ ከማድቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ።

«እንደምን አደርሽ እትዬ። በቅሎዋን ዛሬ ዳገት ላወጣት ነው።»

የሽንኩርት ቢላዋው በእጇ እንዳለ ቆመች። «ዳገት ምን ያደርግልሃል? ሰውዬው ተስማምቶ የለም እንዴ? የቀረውን ራሱ ያስጠግናል።»

«እኔ እያለሁ ሌላ ሰው?»

ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ያ ቤት እንዲህ ነው። አባታቸው «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበርና ልጆቹ ተረቱን ከሚገባው በላይ ተምረውታል። ሻዩን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ጠጡ። ሳሎኑ ያው የድሮው ነው፤ አባታቸው የተኙበት አልጋ ከተነሳ በኋላ ምንጣፉ ላይ አራት የእግር ጉድጓድ ትቷል፤ ጥግ ላይ በጨርቅ የታሰረ የካርታ ጥቅል ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሠመረ መስመር አለ፤ አባታቸው ሥዕል ሲሰቅሉ እንኳ በውሃ ልክ ሳይለኩ አይሰቅሉም ነበር። እህቱ ስለ ዳቦ መወደድ አወራች። ድሮ በዚህ ዋጋ አንድ ሳምንት ይበላ እንደነበር ነገረችው። እሱም ስለ ጎማ ዋጋ አወራ። ጎማና ዳቦ ሲያልቅ ሁለቱም የሻይ ብርጭቆአቸውን አዩ። ጉልበቷን በእጇ ታሻለች፤ የበቅሎዋ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከባድ ነው፤ መሸጧም ለዚሁ ነው፤ እሱስ ይህን አያጣውም። የሚከነክነው እጁን ማማቷ ነው።

ረፋዱን ግቢ ውስጥ አሳለፈው። ኮፈኑን ከፍቶ አዳመጠ። የነዳጅ መለኪያው ከሞተ ዓመታት ስላለፉ፣ የታንኩን ክዳን በቁልፍ ከፍቶ እንጨት ሰድዶ ለካ፤ ከግማሽ በላይ አላት። ክዳኑን ሲዘጋ ትንሽ ደስ አለው። ባለቁልፉ ክዳን እሱ ለአባቱ የሰጠው ስጦታ ነው፤ ከመጨረሻው ሕመማቸው አንድ ወር በፊት። የበፊቱ ክዳን ዝገት የበላው፣ በሲባጎ የታሰረ ቆርቆሮ ነበር፤ የሐኪሙ አባት እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ሲሄዱ ሰው ምን ይለዋል? እህቱ ሦስት ጊዜ ወጣች። አንድ ጊዜ ውሃ አምጥታ፣ አንድ ጊዜ «ፀሐዩ በረታ፣ ግባ» ብላ፣ አንድ ጊዜ ምንም ሳትል ቆማ አይታው ተመለሰች። ምሳ ላይ «እሺ፣ መሄድህ ካልቀረ እኔ ነኝ የምነዳው» አለች። «ጉልበትሽስ?» ሲላት «ጉልበቴን ለኔ ተውልኝ» አለችው። እሱም አልጠላውም፤ የሚነዳ ሌላ ሰው ካለ እሱ ጆሮውን ለሞተሩ መስጠት ይችላል።

ሰባት ሰዓት ላይ ወጡ። ከተማው በጎን በጎን እያለፈ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የብረታ ብረት ሱቆቹ፣ አጥሩ በቆርቆሮ የተሠራው የእንጨት መሸጫ አለፈና ዳገቱ ተጀመረ። ሐኪሙ ካቻቢቴውን መሪው ሥር ባለው ብረት ላይ ደግኖ ጆሮውን አስጠግቶ ነበር፤ ግን ጆሮው ሥራውን ትቶ ወደ ሌላ ሄደበት። በዚህ ዳገት ላይ ነው ልጅነቱ የቀረው። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አባታቸው ሚስታቸውን ከፊት፣ ሁለቱን ልጆች ከኋላ አስቀምጠው ከዳገቱ ማዶ ወዳሉት አያት ቤት ይወስዷቸው ነበር፤ በቅሎዋም ዳገቱ ወገብ ላይ ሳትቆም አልፋ አታውቅም። ማንም አይበሳጭም ነበር። አባታቸው ከሞተሩ ጋር ከመታገል ይልቅ «ደክሟታል፣ ትረፍ» ብለው ሁሉንም ያወርዷቸዋል። ከመንገዱ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ተቀምጠው፣ በሩቁ የሚታዩትን ተራሮች አንድ በአንድ እየጠቆሙ ያወሯቸዋል፤ ይሄኛውን ስንለካ ጅብ የመለኪያውን እግር ይዞ ሮጠ፤ ያኛውን ስንለካ አለቃዬ ቁጥሩን ተሳስቶ ተራራውን ወንዝ ውስጥ አስቀመጠው። እናታቸው «እግዜር ይይልዎ፣ ልጆቹን ውሸት አያስተምሩ» እያሉ ይስቃሉ። ቤት ውስጥ ቁጥብ የሆኑት ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ከዚያ በቅሎዋ ያለማንም እርዳታ ትነሳለች።

አንድ ዓመት ላይ ግን መቆሟን ተወች። ሐኪሙ ስምንት ዓመቱ ነበር። ድንጋዩን አልፈው ሲሄዱ ከኋላ መስኮት እያየ «አባባ፣ ዛሬ ለምን አልቆመችም?» ብሎ ጠየቀ። «ድናለች» አሉት አባቱ። ልጁ አለቀሰ። ሁሉም ሳቁበት። ከዚያ በኋላ አያት ቤት በጊዜ ይደርሱ ነበር፤ ተራሮቹም ያለ ታሪክ በመስኮት አለፉ። ሐኪሙ ይህን እያሰበ ሳለ አንድ ነገር ቆረጠው። ይኸውና ሠላሳ ዓመት የሰውን መኪና ሁሉ ሲያክም ኖሮ፣ ያኔ የበቅሎዋ በሽታ ምን እንደነበር፣ አባቱ በምን እንዳዳኗት አንድ ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ሰው ለአባቱ ሲሆን ሁልጊዜ ጊዜ ያለ ይመስለዋል።

በቅሎዋ ሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ ነጠቅ ነጠቅ አደረጋት፤ ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነና ቀጥ አለች። እህቱ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። አልተገረመችም፤ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ፊት ለፊቷን ታያለች። ሐኪሙ ግን ከመውረዱ በፊት እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር፤ በሽታዋ በመጨረሻ እጁ ገባች። ካንዴላ ነቅሎ አየ፤ እሳቱ ደህና ነው። የነዳጁን ቱቦ ከካርቡራተሩ ፈታና «አስነሺ» አላት፤ ሞተሩ ሲዞር ከቱቦው የወጣው ጠብታ ነው። ነዳጅ አይደርሳትም ማለት ነው። ፓምፑ አዲስ፣ ማጣሪያው አዲስ። ቱቦውን በአፉ ነፋው። እንደ ልማዱ ክዳኑን በቁልፍ ከፍቶ እንጨቱን ሰደደ፤ ነዳጁ አልጎደለም። ዘጋ፣ ቱቦውን ገጠመ፣ «በይ ሞክሪ» አለ። ጥቂት አዞረቻትና ተነሳች።

«ቆሻሻ ነው» አለ እየተፍለቀለቀ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ታንኩ ውስጥ የአርባ ዓመት ቆሻሻ አለ። ቱቦው ላይ ይወተፋል፣ ስነፋው ለቀቀ። ይሄ የማንም እጅ አይደለም እትዬ፤ እርጅና ነው።»

«ጎሽ» አለች እህቱ ቶሎ ብላ። «አገኘኸው። በል እንመለስ፣ ሰውዬው ይመጣል።»

ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ሐኪሙ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባ ነበር። ነገር ግን ሥራውን የሚወድ ሰው አንድ ክፉ ዓመል አለው፤ ያዳነውን በሽተኛ ሮጦ ማየት ይፈልጋል። «እስከ ጫፍ ውጪ፣ ካልቆመች እናምናታለን» አላት። «ተው አሁን፣ ይበቃል» አለች። «ምን ይበቃል? ለሰውዬው በሙሉ አፌ ልነግረው ነው» አለ፤ ጠዋት የሰማውን ሊነግራት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰው። እህቱ ተነፈሰችና ማርሹን አስገባች። ወጡ። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል በቅሎዋ እንደ ወጣት ወጣች፤ ሐኪሙም በለሆሳስ ያፏጫል። ከዚያ፣ ጫፉ እየታየ፣ ነጠቅ ነጠቅ አለችና ቆመች።

አሁን ፊቱ ጠቆረ። «እንደገና ንፋው፣ ሌላ ቆሻሻ ይሆናል» አለች እህቱ ከመኪናው ሳትወርድ። እሱ ግን ኮፈኑን አልከፈተም፤ ነዳጁ እንዳላለቀ ለማረጋገጥ በመጀመሪያ ወደ ታንኩ ሄደ። ቁልፉን አዞረ። ክዳኑ እምቢ አለው፤ ከላይ የተጫነው ያለ ይመስል። ጠምዝዞ ሲያላቅቀው ታንኩ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ።

ሐኪሙ ክዳኑን በእጁ ይዞ ቆመ። ያ ድምፅ ቅድምም ነበር። በጆሮው የሚኖር ሰው ቅድም ሰምቶት አልሰማውም፤ ልቡ ቱቦው ላይ ነበር። ክዳኑን መልሶ ሳይዘጋ፣ ቱቦውንም ሳይነካ፣ «አስነሺ» አላት። በቅሎዋ ተነሳች። «አጥፊያት» አላት። ጠፋች። ክዳኑን ገልብጦ አየው። ውስጡ ድፍን ነው፤ ለአዳዲሶቹ፣ አየር በሌላ ቱቦ ለሚያስገቡት መኪናዎች የተሠራ። ይህቺ ሌላ ቱቦ የላትም። ነዳጁ እየተቀነሰ ሲሄድ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ነዳጁን አልለቅም ይላል፤ ግቢ ውስጥ ብዙ ስለማትጠጣ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግን በሩብ ሰዓት ትታነቃለች። ቆማ ስትቆይ አየሩ በየስንጥቁ ቀስ ብሎ ይገባላትና ትነሳለች። ይህን ማንኛውም ጀማሪ ያውቀዋል። የአባቱ አሮጌ ክዳን መሀሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ሐኪሙ በገዛ እጁ ፈትቶ ሲጥለው አይቶታል፤ ዝገት የበላው መስሎት። አሁን ሲያስበው ክብ ነበር፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ በሚስማር የተመታ። «ድናለች» ያሉት ለካ ያኔ ሚስማርና መዶሻ ይዘው ነው። የልጅነቱ ደስታ ሁሉ አንዲት ያልተበሳች ክዳን ነበረች። እሱ ደግሞ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በግማሽ ወር የቤት ኪራይ ዋጋ፣ ያንኑ በሽታ ገዝቶ ለአባቱ ሰጣቸው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ስሙን ሊያጠራ ዳገት የወጣው ሐኪም በራሱ ላይ ፈርዶ ቆመ።

«እትዬ፣ ነይ ውረጂ» አላት። 

ጉልበቷን እየደገፈች ወረደች። ክዳኑን አላሳያትም፤ በእጁ ያለውን አይታ አንገቷን ደፋች። ያኔ ገባው።

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ጠዋት ለሰውዬው የነገርሽው ይሄንን ነው።»

«ሰማኸኝ እንዴ?» አለች። «ክዳኑን እንዲቀይረው ነግሬዋለሁ። ዳገት ወጥቶ ቆማ እንዳታስቸግረው ብዬ ነው። አንተ እንድታውቅ አልፈለግኩም።»

መንገዱ ዳር ድንጋይ አልነበረም፤ የድሮው ድንጋይ ከታች ቀርቷል። እህቱ የበቅሎዋ መከላከያ ብረት ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ቆሞ ክዳኑን ያገላብጣል። ከታች ከተማው ጭስና ቆርቆሮ ሆኖ ይታያል፤ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ አልፏቸው ወጣ። ስምንት ወር የፈራውን ጥያቄ ጠየቃት፤ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ያ ግማሽ ሰዓት ነው የገደላቸው?»

«ዶክተሩ ያለውን አብረን ሰምተናል። ሁለት ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲበላቸው የኖረ ነው።»

«ዶክተሩን አልጠየቅኩም። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

እህቱ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆማ ያስተማረች ሴት ናት፤ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጥያቄውን ታከብራለች። ከዚያ ነገረችው። በቅሎዋ ስትቆምባት እሷ መሪው ላይ አልቅሳለች። ሰው ለመጥራት ስትወርድ አባቷ እጇን ይዘው «የት ትሄጂያለሽ? ደክሟታል፣ ትረፍ» አሏት። ያቺ ቃል አንጀቷን በላችው። ነጠላቸውን አስተካክላ ከጎናቸው ተቀመጠች። ያ ቀን ሕመሙ ትንሽ ፋታ ሰጥቷቸው ነበር። ተራሮቹን ቆጠሩላት፤ የሁለቱን ስም ረስተው እሷ አስታወሰቻቸው። የእናታቸውን ነገር አነሱ። እሷ ልጅ ሆና መኪና ስትማር አጥር ሰብራ የሰው ጎመን ውስጥ የገባችበትን ቀን አንስተው፣ ሳል እስኪጀምራቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ፀሐዩን አዩና «በይ አሁን ሂጂና ክዳኑን ከፈት አድርገሽ ዝጊው፣ ትነሳለች» አሏት።

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

«ከመጀመሪያው። እኔም ተናደድኩ፤ ‹አባባ፣ ታዲያ ምነው ቶሎ ሳይነግሩኝ?› አልኳቸው። ‹ሆስፒታሉ የት ይሄድብኛል? ከዚህ በኋላ መቼ እንቀመጣለን ብለሽ ነው?› አሉኝ።»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እህቱ አየችው፤ አልተነሳችም፤ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሲበርድለት ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት፤ ይሄኛው ሐዘን አልነበረም፣ ቅናት ነበር፣ እሱም ሳያፍር ተናገረው።

«ስምንት ወር። እኔ እጄን እየረገምኩ ፓምፕ ስቀይር፣ አንቺ ይሄን ይዘሽ ሻይ ታፈይልኛለሽ።»

«‹ልጁ እንዳይሰማ› ብለው አስምለውኛል እኮ። ‹ባለቁልፍ ነገር የሰጠኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ቁልፉን ከኪሴ አታውጪ› አሉ። ሆስፒታል ሲገቡ ልብሳቸውን ስቀይርላቸው ቁልፉ እጃቸው ውስጥ ነበር።»  ዓይኗን ከከተማው ሳትነቅል ቀጠለች። «መሐላውን ግን ምክንያት አደረግኩት። እውነቱን ልንገርህ? ያቺን ግማሽ ሰዓት ለብቻዬ ፈልጌያት ነው። አንተ ሁልጊዜ የሳቸው ነበርክ፤ ሙያህም፣ መልክህም። እኔ ያገኘሁት ያቺን ብቻ ነው። ብነግርህ የምትጎድልብኝ መሰለኝ።»

ሐኪሙ ከገደሉ ፊቱን መለሰ። እህቱን አያት። ሽበቷ፣ የተጠገነው መነጽሯ፣ ጉልበቷን የያዘው እጇ። አምስት ዓመት ስለምትበልጠው ሁልጊዜ ሁሉም ነገር ያላት ይመስለው ነበር። ክዳኑን ታንኩ ላይ ገጠመው፤ ላላ አድርጎ፣ ቁልፉን ሳያዞር። ሞተሩን ቢያስነሱት አሁኑኑ ይነሳል፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ስልኳ ጮኸ። ንብ አርቢው ነበር፤ በሩ ላይ ደርሶ ቆሟል። «ይቅርታ ያድርጉልን» አለችው፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ዳገቱ ላይ ቆማብን ነው… አዎ፣ አብሮኝ ነው… እያያት ነው።» ሰውዬው ሌላ ነገር ጠየቃት፤ መልሳ ስልኩን ዘጋችው።

«ምን አለሽ?»

«ምን ያህል ይፈጅባችኋል አለኝ» አለች፣ መከላከያው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችለት። «ግማሽ ሰዓት አልኩት።»